አባቴ ፋቲሐን ይቀራሉ፤ «ውሃ ስጡኝ» ማለት ግን አቃታቸው

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ጠያቂዋ እንደጻፉት የ61 ዓመት አባታቸው ከአራት ወር በፊት ስትሮክ መታቸው፤ ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው ደከመ፣ ንግግራቸውም በዚያው ጠፋ። እግራቸው ተሽሏቸው አሁን በምርኩዝ ይሄዳሉ፤ የሚነገራቸውንም አብዛኛውን ይረዳሉ። ለመናገር ሲሞክሩ ግን «እሱ፣ እሱ» ከማለት አያልፉም። ነገር ግን ለሶላት ሲቀመጡ የቁርኣን መክፈቻ ምዕራፍ የሆነውን ፋቲሐን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይቀራሉ፤ መንዙማ ሲሰሙም አዝማቹን አብረው ይላሉ። ይህን ያየ ዘመድ ገሚሱ «መናገር እየቻሉ እምቢ ብለው ነው» ይላል፤ ገሚሱ ደግሞ አእምሯቸው ተነክቷል ብሎ ደምድሟል። ከሦስት ወር በኋላ ለውጥ አይጠበቅም ተብሎም ተነግሯቸዋል። አባትየው ከሚሴ አካባቢ በኦሮምኛ ያደጉ ናቸው፤ አማርኛን የለመዱት ለሥራ ኮምቦልቻ ከመጡ በኋላ ነው። ስለዚህ ልጃቸው ለመሆኑ ይህ ነገር ምንድን ነው፣ ምላሳቸው ተሳስሮ ይሆን ወይ፣ ይድናል ወይ፣ በየትኛውስ ቋንቋ እናናግራቸው፣ ቤት ውስጥስ ምን እናድርግ ሲሉ ይጠይቃሉ፤ ስለ ዱዓና ጫት እየተቃመ በጋራ ዱዓ ስለሚደረግበት ወዳጃም አንሥተዋል።

አስቀድሜ ለቤተሰቡ ዛሬውኑ መነገር ያለበትን ልናገር። አባትዎ እምቢ አላሉም፤ አእምሯቸውም አልተነካም። የገጠማቸው ስትሮክ ከሚያገኛቸው ሰዎች ሲሦ ያህሉን የሚይዝ፣ በሕክምናው አፌዥያ የሚባል የቋንቋ ጉዳት ነው። አፌዥያ የያዘው ሰው የሚፈልገውን ያውቃል፤ ልጆቹን ይለያል፤ የቤቱን ጉዳይ ያስባል፤ ይናደዳል፤ ያፍራል። የተቸገረው ሐሳቡን ወደ ቃል መለወጥ፣ እንደ ጉዳቱ ዓይነትም የሰማውን ቃል ወደ ሐሳብ መመለስ ነው። አራት ወርም የመጨረሻው ወሰን አይደለም። ሙሉ በሙሉ ይመለስላቸዋል ብዬ ቃል መግባት ግን አልችልም፤ የአንጎላቸውን ሲቲ ስካን ሳያይና ራሳቸውን ሳይመረምር እንዲህ ያለ ቃል የሚሰጥ ሰው ካለም አይመኑት።

የሰው አንጎል ክብደቱ ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ቢሆንም ሰውነት ከሚጠቀምበት ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን የሚወስደው እሱ ነው። ስንቅ አያስቀምጥም፤ ደም ሲቋረጥበት በደቂቃዎች ውስጥ ሕዋሳቱ መሞት ይጀምራሉ። አንድ ትልቅ የደም ሥር ተዘግቶ ሳይታከም ሲቆይ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት እንደሚጠፉ ባለሙያዎች አስልተዋል። ቀኝ እጃቸውን ከሚጠቀሙ ሰዎች 95 በመቶ ያህሉ፣ ከግራኞችም 70 በመቶ ያህሉ ቋንቋቸው በዋናነት ያረፈው በአንጎል ግራ ክፍል ነው። የሰውነትን ቀኝ ጎን የሚያዝዘውም ይኸው ግራው ክፍል ነው። ፊትንና እጅን የሚያንቀሳቅሰውን ቦታና የቋንቋውን ቦታ ጎን ለጎን የሚመግበው አንድ የደም ሥር፣ ማለትም መካከለኛው የአንጎል ደም ቅዳ፣ በመሆኑ የአባትዎ ቀኝ እጅና ንግግር በአንድ ጊዜ አብረው ሄዱ።

ስለ «እሱ፣ እሱ» ጽፈውልኛል። ይህ ምልክት በሕክምና ታሪክ ውስጥ የታወቀ ነው። ሌቦርኝ የተባለ ፈረንሳዊ ፓሪስ አጠገብ ባለው ቢሴትር ሆስፒታል 21 ዓመት ሲኖር «ታን፣ ታን» ከማለት በቀር ሌላ ቃል እምብዛም አይወጣውም ነበር፤ የሆስፒታሉ ሰዎችም «ታን» እያሉ ይጠሩት ነበር። የሚነገረውን ግን ይረዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1861 ሲሞት ሐኪሙ ፖል ብሮካ አንጎሉን መርምሮ በግራው የፊት ክፍል የታችኛው ጥግ ላይ ጉዳት አገኘ፤ ያ ቦታ እስከ ዛሬ በብሮካ ስም ይጠራል። አንጎሉ በፓሪስ ተጠብቆ ስለቆየ ተመራማሪዎች የአንጎልን ውስጥ በሚያሳየው የኤምአርአይ መሣሪያ መረመሩትና ውጤቱን በ2007 አሳተሙ፤ ጉዳቱ ብሮካ ከላይ ካየው እጅግ ጠልቆ የአንጎልን የፊትና የኋላ ክፍሎች የሚያገናኙትን የነርቭ ገመዶች ጭምር እንደበላ ታየ። ይህ ለእርስዎ ጥያቄም ይጠቅማል። ቋንቋ አንድ ቦታ ላይ የተቆለፈ ነገር አይደለም፤ የተራራቁ ክፍሎች በገመድ ተያይዘው በአንድነት የሚሠሩት ሥራ ነው። ከመካከላቸው የቱ እንደተረፈና የቱ ገመድ እንደተበጠሰ የማገገሙን ልክ በብዙ ይወስነዋል።

ብሮካ ይህን ባሳየ በ13 ዓመቱ፣ በ1874፣ ካርል ቨርኒከ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ሌላውን ዓይነት ገለጸ። እዚህኛው ላይ የሚጎዳው ከግራ ጆሮ በላይ ወደ ኋላ ያለው ክፍል ነው። ሕመምተኛው ሳይደናቀፍ ይናገራል፤ ቃላቱ ግን አንዱ ከሌላው አይገናኙም፤ የሚነገረውንም በደንብ አይረዳም። ስለዚህ ሰው አብዷል ይለዋል። እጅና እግሩ ደኅና ስለሚሆን ስትሮክ ነው ብሎ የሚጠረጥር ጥቂት ነው፤ በአካባቢያችን ሕክምና ሳያገኙ ብዙ ጊዜ ከሚያልፍባቸው ሕመምተኞች መካከል እነዚህ ዋነኞቹ ናቸው ብዬ አምናለሁ። አንባቢ ይህን ቢይዝልኝ ደስ ይለኛል፦ ትናንት ደኅና የነበረ ጎልማሳ ወይም ሽማግሌ ዛሬ በድንገት ትርጉም የሌለው ነገር መናገር ከጀመረ አስቀድሞ ሆስፒታል ይሂድ።

ምላሳቸው ተሳስሮ ይሆን ወይ ለሚለው፣ አባትዎ ይበላሉ፣ ይውጣሉ፣ ፋቲሐንም ድምፁ ሳይኮላተፍ ያወጣሉ ብለው ስለጻፉ ምላሳቸውና ከንፈራቸው ደኅና ናቸው። የምላስና የከንፈር ጡንቻ የሚደክምበት ሌላ ሕመም አለ፤ በዚያ የተያዘ ሰው ቃሉ አይጠፋበትም፤ ድምፁ ብቻ ይጎላደፍበታል፤ ጽፎም መግባባት ይችላል። በአፌዥያ ግን ንግግሩ ሲጎዳ አብዛኛውን ጊዜ ንባቡና ጽሕፈቱም አብረው ይጎዳሉ።

ቤተሰቡን እርስ በርስ ያጋጨውን ጉዳይ በዝርዝር ላብራራው። አዲስ ዓረፍተ ነገር አስቦ መናገርና ለዘመናት የተደጋገመን ቃል በቃል ማውጣት ለአንጎል አንድ ሥራ አይደሉም። «ውሃ ስጡኝ» ለማለት አባትዎ ጥማቸውን ወደ ሐሳብ፣ ሐሳቡን ወደ ቃላት፣ ቃላቱን ወደ ቅደም ተከተል፣ ግሡንም ወደ ተገቢው ቅርጽ ማምጣት አለባቸው፤ ይህን ሁሉ በየጊዜው አዲስ አድርጎ የሚገነባው በስትሮክ የተመታው የግራው ክፍል ነው። ፋቲሐ ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ በየቀኑ ስንት ጊዜ የተቀራ ነው፤ አንዱ ቃል ሌላውን እየጎተተ ይወጣል፤ ዜማና ምት ስላለውም ቀኙ የአንጎል ክፍልና የለመድነውን እንቅስቃሴ የሚያካሂዱት የአንጎል ውስጠኛ ክፍሎች ይሸከሙታል። ስለዚህ ክርስቲያኑ ሕመምተኛ አቡነ ዘበሰማያትን ይደግማል፤ ሌላው ከአንድ እስከ አሥር ይቆጥራል፤ «ሰባት»ን ብቻ በል ሲሉት ግን ይጠፋበታል። ሲቆጡ ስድብ ወይም «ወላሂ» ጥርት ብሎ የሚወጣቸውም አሉ። እንግሊዛዊው ሐኪም ሂውሊንግስ ጃክሰን በ19ኛው መቶ ዘመን ይህን ልዩነት አስተውሎ ጽፎበታል፤ እስከ ዛሬም የአፌዥያ መለያ ጠባይ ሆኖ ይታያል። እንግዲህ አባትዎ ፋቲሐን መቅራታቸው በሽታቸውን የሚያረጋግጥ ምልክት ነው፤ እንደ ማስረጃ አቅርቦ «እየቻሉ ነው» ብሎ መውቀስ በደል ነው። እሳቸው የሚወቀሱበትን ነገር ራሳቸው ማስረዳት አይችሉም፤ ስለዚህ እርስዎ ያስረዱላቸው።

ወደ ማገገም ልምጣ። አንጎል ከስትሮክ በኋላ ቋንቋን የሚመልስባቸው መንገዶች ከአንድ በላይ ናቸው፤ የየራሳቸውም ጊዜ አላቸው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ደም አንሷቸው ያልሞቱ፣ ሥራ ግን ያቆሙ ሕዋሳት ደሙ ሲመለስ ይነቃሉ፤ እብጠቱም ይቀንሳል። ከዚያ ሌላ ነገር አለ። አንድ ሰፈር ያለ ትራንስፎርመር ሲቃጠል ከእሱ መስመር የተያያዙ ራቅ ያሉ ቤቶችም አምፖላቸው ሳይሰበር ይጨልማሉ፤ አንጎልም እንዲሁ ከተመታው ቦታ ጋር የተያያዙ ጤናማ ክፍሎቹ ለጊዜው ይፈዛሉ፤ ከሳምንታት በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚታየው ፈጣን መሻሻል ከፊሉ ከዚህ የሚመጣ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው መደራጀት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ የጀርመን ጥናት አፌዥያ ያለባቸውን 14 ሰዎች ከስትሮኩ የመጀመሪያ ቀናት አንሥቶ ለአንድ ዓመት ገደማ በኤምአርአይ ተከታትሎ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የግራው የቋንቋ ክፍል እምብዛም አይሠራም ነበር፤ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ በቀኙ አንጎል ያሉት ተጓዳኝ ቦታዎች በብርቱ መሥራት ጀመሩ፣ ንግግሩም አብሮ ተሻሻለ፤ በዓመቱ ግን ዋናው ሥራ ከሞተው ቦታ ዙሪያ ወደ ተረፉት የግራ ክፍሎች ተመለሰ። በግራው ብዙ የተረፈለት ሰው የተሻለ ያገግማል፤ ግራው ሰፊ ጉዳት ያገኘው ሰው ደግሞ የበለጠ በቀኙ ላይ ይደገፋል። የሞቱት ሕዋሳት አይነሡም። የተረፉት ግን በመካከላቸው ያለውን ግንኙነት ያጠብቃሉ፣ አዲስም ያበጃሉ፤ ይህን የሚያደርጉት ሲሠሩ ነው። ቋንቋ የማይጠየቅበት፣ ቴሌቪዥን ፊት ብቻ የተቀመጠ ሕመምተኛ ይህን ዕድል አያገኝም።

ከሦስት ወር በኋላ ለውጥ የለም የሚለው አባባል እንዴት እንደመጣ ይገባኛል፤ የመሻሻሉ ፍጥነት በእርግጥ ከዚያ ወዲህ ይቀንሳል። ፍጥነት መቀነስና መቆም ግን ለየቅል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ የታተመ፣ በጀርመን 156 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ስትሮክ ከመታቸው ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ወሰደ፤ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት፣ ለሦስት ሳምንት የቋንቋ ልምምድ የተሰጣቸው ሰዎች በዕለት ተዕለት መግባባታቸው ተሻሻሉ፤ ተራቸውን ሲጠብቁ የነበሩት ግን በዚያው ጊዜ አልተሻሻሉም። ከዚህ የምወስደው ልምምዱ ዘግይቶም ቢሆን እንደሚሠራ፣ ለዚህ ግን ብዛትና መደጋገም እንደሚያስፈልገው ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ማለማመድ ከአለማድረግ ይሻላል፤ ብዙ ግን አይጠበቅበትም።

የቋንቋው ጥያቄ ለወሎ ሰው የዘወትር ጉዳይ ነው፤ በአንድ ቤት አማርኛና ኦሮምኛ ይነገራል፣ በዐረብኛ ይቀራል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ሁለት ፈረንሳውያን ሊቃውንት ስለዚህ ሁለት የተለያየ ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ ሪቦ አስቀድሞ የተለመደው ቋንቋ አስቀድሞ ይመለሳል አለ፣ ፒትር ደግሞ ከሕመሙ በፊት ዘወትር ይነገር የነበረው ነው የሚቀድመው አለ። ሁለቱም በአንዳንድ ሕመምተኛ ላይ እውነት ሆኖ ይገኛል፤ በብዛት የሚታየው ግን ሁለቱ ቋንቋዎች ጎን ለጎን መመለሳቸው ነው፤ አንጎል ውስጥ አብዛኛውን ቦታ ይጋራሉና። ስለዚህ አንዱን ቋንቋ አትከልክሉ። ወንድማቸው ከከሚሴ ሲመጡ በኦሮምኛ ያጫውቷቸው፤ ልጆቻቸው በለመዳችሁት አማርኛ አናግሯቸው። አማርኛ ስታለማምዷቸው «ቢሻን» ብለው ቢመልሱ ውሃ ጠይቀዋልና ውሃው ወዲያው ይቅረብላቸው፤ «በአማርኛ በሉት» ብሎ መያዝ አይገባም። በአንዱ ቋንቋ የተገኘ መሻሻል ወደ ሌላው የሚሻገርበት ጊዜ አለ።

ቤት ውስጥ ልታደርጉት የምትችሉትን ለማሳየት ሁላችሁም የምታውቁትን የቡና ሰዓት ልውሰድ። ቡና ሲፈላ ቴሌቪዥኑን ዝጉ፤ ከፊታቸው ሆኖ አንድ ሰው ብቻ ያናግራቸው። ሦስቱን ዙር ቆጥሮ መጥራት የልጅነት ልማድ ስለሆነ ከሰው ጋር አብረው «አቦል፣ ቶና፣ በረካ» ይበሉ። ለጥቂት ቀናት እንዲህ ከተለማመዱ በኋላ እርስዎ «አቦል፣ ቶና…» ብለው ያቁሙ፤ «በረካ»ን እሳቸው ይጨርሱት። ይህ ሲሳካ ሦስተኛው ስኒ ሲቀዳ ስኒውን እያሳዩ «ይህ የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁ። ፋቲሐንና መንዙማን የሚያወጣው የለመደ መንገድ እንዲህ በትንሽ በትንሹ ታስቦ ወደሚነገር ቃል ይሻገራል። ሁለት ነገር በእጅ ይዞ «ስኳር ነው ጨው?» ብሎ ማስመረጥ፣ «ቡናው በጣም…» ብሎ ቃሉን ለእሳቸው መተው፣ ካልመጣ የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ «ት…» ብሎ ማቀበል ሁሉም የታወቁ የልምምድ ዘዴዎች ናቸው።

ከሁሉም የሚከብዳችሁ መጠበቅ ነው። ቃል የጠፋበት ሰው ለመልሱ አሥር ሰከንድና ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል፤ የአማርኛ ጨዋታ ደግሞ ፈጣን ነው፣ ሁሉም ሰው ተሽቀዳድሞ ይሞላላቸዋል። አትሙሉላቸው። ዓይናቸውን እያያችሁ ዝም ብላችሁ ጠብቁ፤ እርዳታ ሲፈልጉ በዓይናቸው ይነግሯችኋል። «ጀበና» ለማለት «ጀነባ» ካሉ ወይም ጀበናውን እያዩ «ስኒ» ካሉ ተቃርበዋል ማለት ነው፤ «አዎ፣ ጀበናው» ብላችሁ ትክክለኛውን ድምፅ በእርጋታ አሰምታችሁ እለፉ። እንደ ተማሪ «ድገሙ፣ ተሳስተዋል» መባል ለአንድ አባወራ ውርደት ነው፤ የተዋረደ ሰውም መሞከር ያቆማል። አንድ ቀን «ልጁ በሉ»፣ «እኔ መጣ» ዓይነት ንግግር ብትሰሙ አትደንግጡ። በአማርኛ ግሥ ያለ ባለቤት ምልክት አይነገርምና ሕመምተኛው ምልክቱን መጣል አይችልም፤ አንዱን በሌላው ይተካዋል። የአማርኛ ዘመድ በሆነው በዕብራይስጥ ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ይህንኑ አሳይተዋል። ዓረፍተ ነገር መገንባት መጀመራቸው ትልቅ እርምጃ ነው።

«ውሃ ስጡኝ» የሚለውን ለብቻው እንዲህ ሞክሩት። በመንዙማ ዓይነት ሁለት ድምፅ ብቻ ባለው ቀላል ዜማ፣ ከፍና ዝቅ እያደረጋችሁ፣ ቃሉን ዘርግታችሁ አውጡት፤ በእያንዳንዱ ክፍለ ቃል ግራ እጃቸውን ይዛችሁ ጉልበታቸውን ቸብ ቸብ አድርጉ። መጀመሪያ አብራችሁ በሉት፤ ቀጥሎ ግማሹን ለእሳቸው ተዉላቸው፤ ቀጥሎ ዜማውን ቀንሳችሁ ወደ ተራ ንግግር አምጡት። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ ሐኪሞችና የንግግር ባለሙያዎች የቀረበ ሲሆን የሚጠቅመውም እንደ አባትዎ መረዳታቸው ደኅና ሆኖ ማውጣት ለተቸገሩ ሰዎች ነው። መንዙማ መስማትና ማዜም ልብን ያሳርፋል፣ መከልከልም የለበትም፤ ብቻውን ግን ንግግርን አይመልስም። የሚለማመዱት ሐረግ በየቀኑ የሚያስፈልጋቸው መሆን አለበት፦ ውሃ፣ ሽንት ቤት፣ አመመኝ፣ የልጆቻቸው ስም፣ «በቃኝ»። ቀን ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት፣ ጠዋት ሳይደክሙና ከሰዓት በኋላ ካረፉ በኋላ ይበቃል።

«አዎ» እና «አይ» ሲሉ እንዳትስቱባቸው አደራ። አፌዥያ ያለበት ሰው «አዎ» ሊል አስቦ «አይ» ማለቱ የተለመደ ነው። በእኛ አገር ደግሞ «አዎ» ብዙ ጊዜ ቅንድብ በማንሣት ወይም አየር ወደ ውስጥ ስቦ «እህ» በማለት ይገለጻል፤ ይህ የለመዱት ምልክት ከተረፈላቸው ከቃሉ የበለጠ ይታመናል። መልሱን በሌላ መንገድ መልሳችሁ ጠይቁ፤ «ሻይ ይፈልጋሉ?» ሲባሉ «አይ» ካሉ «ሻይ ይቅር?» ብላችሁ አረጋግጡ። ማንበብ ይችሉ ከነበረ ዋና ዋናዎቹን ቃላት በትልልቅ ፊደል ከፎቶ ጋር በደብተር ለጥፉ። ሳዑዲ ያለው ወንድምዎ ሲደውልም በቪዲዮ ይሁን፤ ፊትና እጅ እያዩ መግባባት ድምፅ ብቻ ከመስማት በእጅጉ ይቀላቸዋል።

ስለ ዱዓና ወዳጃ ላነሡት፣ በሰው መካከል ተቀምጠው ሌላው «አሚን» ሲል አባትዎም በጊዜው «አሚን» ካሉ ከሰው ጋር ሆነው ተናግረዋል፤ መልካም ነው። ጫቱ ግን ይቅርባቸው፤ የደም ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል። መድኃኒቱም በምንም ምክንያት አይቋረጥ፤ ረመዳን ሲመጣ መጾም ይችሉ እንደሆነና መድኃኒቱ በስንት ሰዓት እንደሚዋጥ ከወሩ በፊት ሐኪማቸውን ጠይቁ።

ቋንቋውን ስንከታተል የምንረሳው ሁለተኛው ስትሮክ ነው። የደም ግፊታቸው በየጊዜው ይለካ። የልብ ምታቸው የተዛባ እንደሆነ ወይም ከልጅነት የቆየ የቫልቭ ሕመም ካለ ከልብ የሚነሣ የረጋ ደም እንደገና አንጎል ሊመታ ይችላል፤ መድኃኒቱም ይለያል። ስለዚህ የልብን ምት የሚመዘግበው ኢሲጂና የልብ አልትራሳውንድ ካልተነሡ ይነሡ። ፊት ቢጣመም፣ እጅ በድንገት ቢዝል፣ ያለው ንግግር ቢብስ ሰዓቱን ጽፋችሁ ወዲያው ሆስፒታል ድረሱ፤ የረጋን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት፣ ባለበት ቦታ፣ የሚሰጠው ለመጨረሻ ጊዜ ደኅና ሆነው ከታዩበት ሰዓት አንሥቶ እስከ አራት ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ዘመድ እስኪሰበሰብ የሚጠፋው ሰዓት ይበልጣል። ስትሮክ ካገኛቸው ሰዎች ሲሦ ያህሉ ድባቴ ውስጥ ይገባሉ፤ ንግግር የሌለው ሰው ደግሞ አዝኛለሁ ብሎ አይነግራችሁም። ምግብ መተው፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ልምምዱን መግፋት፣ ፊት ማዞር ካያችሁ ተናገሩ፤ ይታከማል።

የንግግር ሕክምና ባለሙያ በአካባቢያችን ማግኘት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ አብዛኛው ሥራ በእርስዎና በቤተሰቡ እጅ ይወድቃል። ደሴ ለክትትል ስትመጡ የሲቲ ስካኑን ፊልም፣ ከሆስፒታል ሲወጡ የተሰጣችሁን ወረቀትና የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ይዛችሁ ኑ። በስልክዎም አምስት ደቂቃ ያህል ይቅረጿቸው፦ ፋቲሐን ሲቀሩ፣ ከአንድ እስከ አሥር ሲቆጥሩ፣ ቤት ውስጥ ያሉ አሥር ዕቃዎችን ስም ሲጠየቁ፣ በኦሮምኛም እነዚያኑ ዕቃዎች ሲጠየቁ። ቃል ባይወጣቸውም ቪዲዮውን አይሰርዙት፤ ከሁለት ወር በኋላ እነዚያኑ አሥር ዕቃዎች እንደገና ጠይቀን ከዚያ ጋር እናስተያያለን።